የተራራ ጥርስ በሜዳ ላይ

ራሰ በራው ያልነው ተራራ አንድም ዛፍ አልነበረበትም። ስሙን ያወጣንለት እኛ ዘማቾቹ ነን፤ የአገሬው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ሳንጠይቅ ቀረን፣ የሚጠየቅም ሰው በአካባቢው አልነበረም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጉም ወገቡን ይይዘውና አናቱ ብቻውን ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር። አሁን በሰው አገር፣ ዌስተርቪል ከተማ፣ በልጄ ቤት፣ ጋራዥ ውስጥ በርጩማዬ ላይ ቁጭ እላለሁ። ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ጉሙ ከጎረቤቱ ጣሪያ በላይ ሲጋደም፣ ያ ተራራ እዚያ ማዶ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው ሄለን ስለጠየቀችኝ ነው። ሄለን ቤዝመንታችንን ተከራይታ የምትኖር፣ በዲቪ የመጣች፣ ሉዊስ ሴንተር ካለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ የምትሠራ ልጅ ናት። በጠየቀችኝ ዕለት እውነቱን አልነገርኳትም። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። እጄ ጽሕፈት ላይ ቀስ ይላል፣ ቢሆንም ከአፌ ይሻላል።

ትእዛዙ የመጣው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። «አንድ ሻምበል ራሰ በራው ላይ ይሰፍራል። መገናኛ መቶ ውሃና የሬዲዮ ባትሪ ያደርስለታል።» መገናኛ መቶ ማለት እኛ ነን። ሦስት ሞተር ሳይክል ነበረን። በመጀመሪያው ቀን የሁለቱ ፍሪሲዮን ዳገቱ ላይ ተቃጠለ። ለሜዳ የተሠሩ ሞተሮች ናቸው፤ ሁለት ጀሪካን ተጭኖባቸው ያንን ኮረት መውጣት አልሆነላቸውም። ላይ ያሉት ልጆች ጤዛ ከድንጋይ እየላሱ አደሩ።

እኔ ከመዝመቴ በፊት ጋራዥ ውስጥ ነው የኖርኩት። ሞተር ሳይክል ከኋላ ጎማው ጋር ጥርስ ያለው ክብ ብረት አለው፤ ኮሮና እንለዋለን። ከፊት፣ ከሞተሩ ዘንድ፣ ትንሹ ጥርሳም አለ፤ እሱ ፒኞን ነው። ሁለቱን ካቴና ያገናኛቸዋል። የኋላው ጥርሱ ሲበዛ ሞተሩ ጉልበት ያገኛል፣ ፍጥነት ያጣል። ሲያንስ ይፈጥናል፣ ዳገት ግን ይፈራል። ሁለቱንም አንድ ላይ አይሰጥም።

ገደል ሥር ወድቆ ከቀረ አሮጌ ሞተር ላይ ስምንት ጥርስ የሚበልጥ ኮሮና ፈታሁ። በቀረን በአንዱ ሞተር ላይ ቀዳዳው አልገጥም ሲል በሞረድ አሰፋሁት። ካቴናው ሲያጥር ከተቃጠሉት ከአንዱ ቆርጬ ቀጠልኩበት። ነጂው አሥር አለቃ ታደለ ነበር፤ ቀጭን፣ ነገር አዋቂ፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው። ራሰ በራውን ወጥቶ ሲመለስ ሞተሩን መታ መታ አደረገና «ይኼ በቅሎ ነው እንጂ ሞተር አይደለም። ገብስ አምጡለት» አለ።

ስምንት ቀን በዚያ በቅሎ ውሃ አደረስን። ላይ ያሉት ልጆች ድምፁን ሲሰሙ ቆመው ይጠብቁት ነበር አሉ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በስተግራችን ያለው ሻለቃ ጦር ሬዲዮው ዝም አለ። ጠላት ከኋላው እየዞረ እንደሆነ ከራሰ በራው አናት ታይቷል። ማፈግፈግ አለበት፤ እሱ ግን አያውቅም። በእኛና በእሱ መካከል ገላጣ ሜዳ ነው፣ መደበቂያ ቁጥቋጦ የሌለው። መቶ አለቃችን የማፈግፈጉን ትእዛዝ ወረቀት ላይ ጽፎ ለታደለ ሰጠውና ወደ እኔ ዞረ።

«ለሜዳ አስተካክልለት። ግማሽ ሰዓት አለህ።»

ሞተሩን አየሁት። ጎማውን ማውለቅ፣ ኮሮናውን መፍታት፣ ካቴናውን ማሳጠር። ማታ ደግሞ ወደ ራሰ በራው ስለሚወጣ ያንን ሁሉ መልሶ መግጠም። ሁለት ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ምክንያት ይሁንልኝ ብዬ ግን አልጽፈውም። ሁለቴ መፍታቱ ታከተኝ።

«ይደርሳል። በዚሁ ይሂድ» አልኩ።

ታደለ ትከሻው ተንቀሳቀሰ። «በበቅሎ ሜዳ ልጋልብልህ?»

«ይደርሳል» አልኩት ደግሜ።

ሄደ። ከምሽጋችን ሆነን አየነው። ሞተሩ ጣሪያ ነክቶ ይጮሃል፣ አቧራው ግን አይሄድም። በሕልም ሰው ሲሮጥ እግሩ እንደሚከብደው ያለ ነበር። ፀሐዩ ሜዳውን ውሃ አስመስሎታል፤ ታደለ በውሃ ላይ እየሄደ መሰለን። ከዚያ ከግራ ጉብታ መትረየስ ተኮሰ። አቧራው ቆመ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጥቁር ነገር ከመሬት ተነሣና በእግሩ መሄድ ጀመረ፣ ቀስ እያለ። ብርሃኑ ዋጠው።

ደርሷል። ሻለቃው ሳይመሽ ከከበባው ወጣ። ከወር በኋላ ከእነሱ አንዱን አገኘሁትና ጠየቅኩት። «ወረቀቱን ሰጠን፤ ውሃ ጠየቀ። ውሃው እስኪመጣለት ተቀመጠ፣ ከዚያ አልተነሣም» አለኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሄለን አልተወለደችም። በፈረንጅ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ፣ ቅጠሉ ሲቀላ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዛች። ሰውዬው ከብቱን በጉብታና በጭቃ የሚከተልበት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወጥታ ዋናው መንገድ ላይ ስትፈጥን ድምፁ እስከ ኩሽናችን መጣ። ይጮሃል፣ አይሄድም። ስኒዬን አስቀመጥኩ። ልጄ «አባዬ፣ ምነው?» አለችኝ። ተነሥቼ ወደ ጋራዡ ወጣሁ።

ስትመለስ ጋራዥ ውስጥ ጠበቅኳት።

«ሃይዌዩ ላይ እንዴት ነው?»

«ጋሼ፣ ኢንጂኑ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ትራኮቹ ሲያልፉኝ እንደ ቅጠል ነው የሚያወዛውዙኝ።»

«ሞተሩ ደህና ነው። ኮሮናው ነው የበዛው።»

ማስኳን ዝቅ አድርጋ ሳቀች። «ኧረ ጋሼ፣ በዚህ ዘመን ያንን ስም አይጥሩብን።»

የኋላውን ጥርስ በጣቴ እየነካሁ አሳየኋት፣ የፊቱንም። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችው። «ሁለቱንም ኦርደር አደርጋቸዋለሁ» አለች።

ያዘዘቻቸው ዕቃዎች የመጡበት ካርቶን ደጃፋችን ላይ የተቀመጠው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። እሷ ስምንት ሰዓት ተኩል ሥራ ትገባለች። ሄልሜቷን ይዛ ወጣችና ካርቶኑን አየችው።

«ነገ ኦፍ ነኝ ጋሼ፣ ነገ እንገጥመዋለን። ዛሬ በዚሁ ልሂድ። ይደርሳል።»

ያ ቃል ከእኔ አፍ ከወጣ አርባ ዓመት ሊሞላው ነበር። ከሞተሩ ላይ ቁልፉን ነቅዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

«አትሄጂም። ግማሽ ሰዓት ስጪኝ።»

«ከዘገየሁ ፖይንት ይይዙብኛል እኮ። ሁለት አለብኝ፤ ሲበዛ ያባርራሉ።»

«ይያዙ።»

«ጋሼ፣ ቁልፌን ይስጡኝ።» እንዲህ ባለ ድምፅ አናግራኝ አታውቅም። እውነቷን ነው፤ ቁልፉ የሷ ነው፣ እንጀራውም የሷ ነው።

አልሰጠኋትም። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ የጎማውን ማሰሪያ ዳዶ መፍታት ያዝኩ። መፍቻው ቺያቬ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። እጇን አጣምራ በላዬ ቆማ ነበር። ሦስተኛ ሲወድቅ ጎንበስ ብላ አነሣችውና «የቱን ልያዝልዎት?» አለችኝ። ካቴናውን አስያዝኳት። ከፊት አንድ ጥርስ ጨመርን፣ ከኋላ ስምንት ቀነስን። ስምንት መሆኑን ያወቅኩት ስቆጥረው ነው፤ ደግሜ ቆጠርኩት። የተረፈውን የካቴና ዓይን ቆረጥን፤ የካቴናው ልልነት ሁለት ጣት እስኪሆን ወጥረን፣ ጎማው ቀጥ ማለቱን በአንድ ዓይኔ አየሁ። ግማሽ ሰዓት ያልኩት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ሄልሜቷን እያሰረች «ጋሼ፣ እጅዎ ለምንድነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?» አለችኝ።

«እርጅና ነው» አልኳት። ዋሸሁ። መልሱ ይኸው ከላይ የጻፍኩት ነው።

ግቢውን ዞራ መጣችና «ሲነሣ ከበደኝ» አለች። «ይከብዳል። ሁለቱንም አይሰጥም» አልኳት። ሄደች። ዋናው መንገድ ላይ ስትደርስ ድምፁ ዝቅ ብሎ ረዘመ፣ ሰው ለራሱ እንደሚያንጎራጉረው። ከዚያ ሄደ፤ በእውነት ሄደ። እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። የሉዊስ ሴንተርን መንገድ በልቤ አብሬያት ሄድኩ፣ ግራና ቀኙ የደረቀ በቆሎ ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ ሜዳው ያኛው ሜዳ ሆነብኝ፤ ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። ስልኬ ጮኸ።

«ደርሻለሁ ጋሼ። ፖይንቱንም ሰጥተውኛል።»

«ደግ» አልኳት።

ከራሰ በራው ሻምበል ዘጠኝ ሰው ሞተብን። ከመገናኛ መቶ ሁለት፣ አንደኛው ታደለ። በስተግራ ከነበረው ሻለቃ በዚያ ቀን የሞተ የለም። የማስታውሳቸውን ስሞች ከዚህ ወረቀት ጀርባ አስፍሬያለሁ፤ አራቱ ጠፍተውኛል፣ ይቅር ይበሉኝ። ታደለ በጥይት ሞተ ተብሎ ተመዝግቧል። እውነት ነው። ግማሽ ሰዓቱ ግን በእጄ ነበር፣ ተሰጥቶኝ ነበር። ስለ ጦርነቱ ብዙ የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። እኔ የማውቀው ይህቺን ነው።

ሄለን አሁንም ሥራ ስትደርስ ኮል ታደርገኛለች። እስክትደውል ጋራዡን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ከደወለች በኋላ ቀና ብዬ ሳይ ጉሙ ተነሥቷል፤ ከጎረቤቱ ጣሪያ በላይ ሰማይ ብቻ ነው ያለው።