ከበሽታ አድነው በረሀብ ሊገድሉን ነበር

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ተነሥቻለሁ። ቁጭ ብለህ ተናገር ብላችሁኝ ነበር፤ ግን በሁለት እግሬ ካልቆምኩ ምስክርነቱ ግማሽ ይሆንብኛል። ይኸው ቆምኩ። ስሙ ይባረክ! ድምፄ ከጮኸ ታገሡኝ፤ ዕድሜ ልኬን ከበቅሎ ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩ ጫኝ ነኝ፣ ቀስ ብሎ መናገር አልተማርኩም። ደግሞም ደስ ስላለኝ ብቻ አልተነሣሁም፤ ተቆጥቼም ነው። ሐኪማችን እዚያ ጥግ ተቀምጠዋል። “የእርስዎንም ጥፋት እናገራለሁ” ብያቸው “ተናገር” ብለውኛል፤ ስለዚህ ሐሜት አይደለም፣ ፊት ለፊት ነው።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ከአሊዩ አምባ ገበያ አሞሌ ጨው እየጫንኩ ያንን ዳገት ወደ አንኮበር የማወጣ ሰው ነበርኩ። የእግዚአብሔርን ስም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ በተለይ በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ስትገግምብኝ ደጋግሜ እጠራው ነበር። ከዚያ ከተሻገርን በኋላ ግን አንተዋወቅም። ጉልበት ነበረኝ፤ ጉልበት ያለው ሰው ምን ይለምናል? ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከዘለቁ ወዲህ ሥራው ሲቀዘቅዝ እንኳ እኔ አልቀዘቀዝኩም፣ ሽበቴን በሻሽ ሸፍኜ እጭን ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ በቅሎዬ ተንሸራታ ከነጭነቷ ጭኔ ላይ ወደቀች። አጥንቱን ወጌሻ አቀናልኝ፤ ቁስሉ ግን መግል ያዘ። ልጄ ብርቄና ባሏ በቃሬዛ ተሸክመው እዚህ ከአንኮበር በታች ፈረንጆቹ ወዳቆሙት የሕሙማን ቤት አመጡኝ። ፈረንጁ ሐኪም ቁስሌን አጠቡ፣ መድኃኒት ቀቡ፣ በነጭ ጨርቅ አሰሩ። እጃቸው ይባረክ፣ በዚህ አላማቸውም። ከዚያ ግን “ጠያቂ ቤቱን አያጨናንቅ” ብለው ዘመዶቻችንን ሁሉ ወደየቤታቸው ሰደዱ። የመጀመሪያው ጥፋት ይኸው ነው።

አሁን ስሙኝ። በእያንዳንዱ ሕመምተኛ መደብ አጠገብ አንዳንድ ጣባ ገንፎ ይቀመጣል። ለየብቻ! እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ለብቻዬ ተቀምጬ፣ ሰው እያየኝ፣ በልቼ አላውቅም። ለብቻው የሚበላ ጅብ ነው። አሳላፊው ይመጣል፣ ጎንበስ ይልና “አባባ፣ ይበላሉ?” ይለኛል።

እኔም እንደ ጨዋ ልጅ “ተወው ልጄ፣ ጠግቤአለሁ” እላለሁ።

ወንድሞቼ፣ እናንተ በሰው ቤት “ጠግቤአለሁ” ስትሉ ምን ትጠብቃላችሁ? “ኧረ በሞቴ!” ትጠብቃላችሁ። “አፈር ስሆን፣ አንድ ጊዜ!” ትጠብቃላችሁ። ሦስት ጊዜ ሳይለመን እጁን የሚሰድ ሽማግሌ የት አገር አለ? ይህ አሳላፊ ግን ከፈረንጆቹ ጋር ኖሮ የእነሱን ደንብ ተምሯል። “እሺ አባባ” ይልና ጣባውን አንሥቶ ይሄዳል! እየሄደ ጀርባውን አያለሁ። ገንፎው ይጨሳል፣ ቅቤው መሐሉ ላይ ቀልጦ ይታየኛል። ጠርቼ እንዳላስመልሰው ይሉኝታ ያዘኝ። እንዲህ እያልን ሰነበትን። መጀመሪያ በአፌ እምቢ አልኩ፤ በኋላ ሆዴ ራሱ እምቢ ማለትን ተማረ። ረሀብ ሲቆይ እንደ ሌባ ይደበቃል፤ ቤት ውስጥ እያለ የሌለ ይመስላል።

ከጎኔ ከደነባ የመጣ አያ ተክሌ የሚባል ገበሬ ተኝቶ ነበር። ሆዱን ደም ያስቀምጠው ነበር፤ በሐኪሙ መድኃኒት ያ ቆመ። ቆመ እኮ! ድኖ ነበር! አገሩ ገብቶ ጤፉን ሊያሳጭድ ይናፍቅ ነበር። ግን እሱም ከእኔ የባሰ ጨዋ ነው። “ይበላሉ?” ሲባል “ለልጆቹ ስጧቸው” ይላል። ልጆች በሌሉበት ቤት! እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄደ። አንገቱ ላይ ያለው ማተብ እንኳ የሰፋው ይመስል ነበር። አንድ ጠዋት ሳይነቃ ቀረ።

ሐኪሙ መጡ፣ እጁን ያዙ፣ “እርጅና ነው፤ ዘይቱ እንዳለቀ መብራት ጠፋ” አሉ።

ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ፤ ዛሬም ሳነሣው ደሜ ይፈላል። ዘይቱን ማን ነሣው? በሽታው አልገደለውም፣ በሽታውማ ለቆት ነበር! ያ ሰው በረሀብ ሞተ፣ ያውም ጣባው አጠገቡ እየቀረበ፣ የምግብ ችግር በሌለበት ቤት! የጠገበ የራበው ያለ አይመስለውም የተባለው እውነት ነው።

እኔም ተራዬ ደረሰ። ቁስሌ አይገጥምም፤ ሐኪሙ መድኃኒት ቢለዋውጡም እንደ ተከፈተ ይውላል። ብርቄ እንድትጠይቀኝ ተፈቀደላት። ገብታ አየችኝና “አባባ፣ ምነው እንዲህ ሆኑ?” ብላ አለቀሰች። የቤቱ ሰዎችም “እርጅና ነው” አሏት፣ እሷም አመነች። በሌላ ጊዜ ስትመጣ ምን ይዛ መጣች መሰላችሁ? መገነዣ! አዲስ አቡጀዲ፣ አጣጥፋ፣ በነጠላዋ ሸፍና። እንጀራ አልያዘችም፤ መገነዣ ይዛ መጣች! አልፈርድባትም፣ ልጄ ናት፤ ግን ያን ጨርቅ ሳየው ለመሞት ቆረጥኩ። “ጌታዬ፣ እንግዲያው ውሰደኝ” እያልኩ መለመን ጀመርኩ።

ሃሌ ሉያ! ጌታ ግን ሰማኝ፤ የሰማኝም እኔ እንደለመንኩት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ቃሉን የሚያነብልን ወንድማችን መጣ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኝቻለሁ። እሱም አንድ ነቢይ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተጋድሞ “ነፍሴን ውሰዳት፣ በቃኝ” እንዳለ አነበበ። ይሄማ የእኔ ጉዳይ ነው ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። እግዚአብሔር ምን ብሎ መለሰለት? አልገሠጸውም። አልገደለውም። መልአክ ላከለት፤ መልአኩም ዳሰሰው፣ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቅርቦ “ተነሥና ብላ” አለው። ነቢዩ ቀመሰና ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ምን አደረገ? “እሺ አባባ” ብሎ እንጎቻውን አንሥቶ ሄደ? ዳግመኛ መጣ! ዳግመኛ ዳሰሰው! “መንገድህ ሩቅ ነው፣ ብላ እንጂ!” ብሎ ለመነው!

ወንድሞቼ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጉልበት መጣልኝ። በክንዴ ተደግፌ ተነሣሁና ጮኽኩ። “ሐኪሙን ጥሩልኝ!”

እሳቸውም ሮጠው መጡ። “ይህ መጽሐፍ የእናንተ ነው ወይስ የእኛ?” አልኳቸው። “የሰማይ መልአክ ያልናቀውን ልመና እናንተ ምን ሆናችሁ ናቃችሁት? አያ ተክሌን ማን ‘በሞቴ’ አለው? ማን አብሮት ቆረሰ? እርጅና ነው ትላላችሁ! እርጅና ምግብ ይከለክላል ወይ? የእኔን ቁስል በቅባት ልትደፍኑት ነው ወይ፣ በባዶ ሆድ?”

ሐኪሙ ወደ መደቤ ቀረቡ። ከዚያ ፊታቸው ቀልቶ፣ “እኛ አገር እምቢ ያለን ሰው ደጋግሞ መለመን እሱን መናቅ ነው” አሉ። “አልፈልግም ሲል አይፈልግም ብዬ አመንኩት።” ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ አያ ተክሌ የነበረበትን ባዶ መደብ አዩና ተቀመጡ። እንባ አየሁባቸው፤ ቁጣዬ ግን አልበረደልኝም፣ ሟቹ አልተመለሰማ።

በማግስቱ መሶብ መሐል ቤት ቀረበ። መንቀሳቀስ የምንችለውን አስጠጉን፣ የማንችለውን ከነመደባችን ሳቡን። ሐኪሙም መሬት ተቀመጡ። እንጀራውን በሽሮ ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡና “በሞቴ፣ ብላ!” አሉኝ። አንቱ ማለትን ዛሬም አልለመዱም። “ጠግቤአለሁ” አልኳቸው፣ ልማድ ነዋ። እጃቸውን አልመለሱም። በላሁ!

መጀመሪያ ሁለት ጉርሻም ከበደኝ። ቀስ በቀስ፣ ዛሬ አጥሚት፣ ነገ ገንፎ፣ ሆዴ እንደገና ለመደ። ጠያቂም ተፈቀደ፤ ብርቄ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ታበላኝ ጀመር። ያ አልገጥም ያለ ቁስል ከዳር ዳሩ ሥጋ እያበቀለ ተዘጋ። ስሙ ይክበር! ሥጋዬ ብቻ አልዳነም። ሞት ስለምነው እንጀራ የሚልክ አምላክ ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ ወንድማችንም ስለ ክርስቶስ አነበበልኝ። ስሙን ብቻ የማውቀውን ጌታ እሱን ራሱን አወቅሁት። ዕድሜዬን ሙሉ እምቢ ስለው እየተመለሰ ሲለምነኝ ኖሯል። እሺ አልኩት። ዛሬ ልቤን የሰጠሁት ለእሱ ነው፣ አመሰግነዋለሁ!

እናንተም እመኑት፣ አያሳፍራችሁም። ግን በእሱ የምታምኑ ከሆነ እንደ እሱ አድርጉ። ሽማግሌ ሲከሳ “እርጅና ነው” የምትል ምላስ ከዚህ ጉባኤ ትጥፋ።

ወንድሜ ደስታ፣ አንተ ከበሩ አጠገብ ያለኸው፣ ቅር አይበልህ። ስንገባ ስለ እናትህ ጠይቄህ “ከጎረቤላ ካመጣኋት ወዲህ እህል አልፈልግ ብላለች፤ ምን ታደርገዋለህ፣ አርጅታለች” አልከኝ። እኔ መልስ አልሰጠሁህም፣ ለዚህች ሰዓት አቆየሁት። አሁን ተነሥ። እንጀራ ይዘህ አጠገቧ ተቀመጥና አንተም ብላ። እምቢ ትልሃለች፤ ለምናት። እንደገና እምቢ ትልሃለች፤ እንደገና ለምናት። ሂድ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ? መዝሙሩን አንጀምርም፣ እንጠብቅሃለን።