ሳህን ላይ የማያስተርፉት ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው በልጅነታቸው አንድ ክፉ የረሃብ ዘመን ያለፉት የጎረቤት ድስት እየፋቁ ነው። ዛሬ ሸምግለው፣ የልብስ ስፌት ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ልጅቷ በታከመችበት ሆስፒታል ግቢ ባለው ምግብ ቤት ተቀምጠዋል። የልጅቷን ዩኒፎርም ወገብ በየጊዜው የሚያሰፉት ራሳቸው ናቸው። ሐኪሟ ውፍረት የምትለውን እሳቸው እድገት ይሉታል፤ እድገቱ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ጎን መሆኑ ግድ አይሰጣቸውም።

ቅድም ሐኪሟ፣ «አባባ፣ ‹ጨርሺ› ማለቱን ይተዉ። ስትጠግብ ታቁም፤ ይኸው ደረጃ መውጣት አቅቷት ታለከልካለች» ብላቸዋለች። እሳቸውም በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሆዳቸው ግን ሳቁ። ያን ያህል ዘመን ተምራ ምግብ ማስተረፍ ታስተምር? እሱንማ የሀብታም ውሻም ያውቅበታል!

ሾርባውና አትክልቱ ቀረበ። ልጅቷ ግማሹን በላችና ማንኪያዋን አስቀምጣ በፍርሃት አየቻቸው።

«አባባ፣ ጠገብኩ… ይቆጡኛል?»

እጃቸው እንደ ልማዱ ሳህኑን ወደ እሷ ሊገፋ ሮጠ። በሌላኛው እጃቸው ሌባ እንደያዘ ዘበኛ ጨምድደው መለሱት።

አስተናጋጇ መጣች። «ምነው አባባ፣ ምግባችን አልጣፈጣትም?»

«ጣፍጧታል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳይነቅሉ። «እኔ በእሷ ዕድሜ ከሁሉ አብልጬ የምመኘው ‹ጠገብኩ› ማለትን ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ሳልለው አደግሁ። ይኸው እሷ አለችው። ሳህኑን አንሺው የኔ ልጅ፤ ሐሳቤን ሳልለውጥ ቶሎ አንሺው።»