በሳጥን ውስጥ የገባው የዘበኛው ቃል

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ መንዝ ውስጥ የተማርኩበት ተማሪ ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብ የግድግዳ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። መጽሔት እንበለው እንጂ በሙጫ የተያያዙ አራት ትልልቅ ወረቀቶች ናቸው፤ መምህራን ማረፊያ ክፍል በር ላይ ይለጠፋሉ። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ስለሚጎርፍ የሚያነበው አልነበረም።

አዲስ የተመደበልን የአማርኛ መምህር አዘነልን። ከአዲስ አበባ ያመጣቸውን ሁለት ያረጁ መጽሔቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ "መጽሔት መጀመሪያ ይታያል፤ ከዚያ ነው የሚነበበው" አለን። ጽሑፍን በዓምድ መክፈል፣ ለርዕስ ቦታ መተው፣ ከሁሉም በላይ ከቃለ መጠይቁ አንድ ዓረፍተ ነገር መርጦ በትልልቅ ፊደል ሳጥን ውስጥ ማስገባትን አሳየን። "አጭር ትሁን" አለ፤ "አላፊውን ቀጥ አድርጋ የምታቆም።"

የዚያ ዕትም እንግዳ የተማሪ ቤታችን ዘበኛ ነበሩ፤ ጠያቂዋ እኔ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ሥር ተቀምጠዋል። ስለ ሥራቸው ጠየቅኋቸው።

"ጭጋጉ የወረደ ለት ከእኔ በቀር በሰዓቱ የሚደርስ የለም" አሉኝ። "መምህራኑም አይፈረድባቸውም፣ ልጄ፤ መንገዱ አይታይም። የእኔ ቤት እዚሁ አጥሩ ሥር ነው።"

ለሳጥኑ የሚሆን ስንፈልግ ጓደኛዬ "ከእኔ በቀር በሰዓቱ የሚደርስ የለም" የምትለዋ ላይ ጣቷን አሳረፈች። መምህራችን ሞላሌ ገበያ ሄዶ በገዛልን ቀይ ማርከር ጻፍናት። ስላማረችን ፊደሉን አሰፋነው። ሳጥኑ ቦታ ሲበላብን፣ ስለ ጭጋጉና ስለ መንገዱ ያለውን በእስክሪብቶ አጠጋግተን ታች ጥግ ላይ ከተትነው።

ዓርብ ከሰዓት ለጠፍነው። መምህራኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰብስበው አነበቡ፤ ሳጥኑን ብቻ። የሒሳብ መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። "በሰዓቱ የሚደርስ የለም?" ብሎ ወጣ።

ሰኞ ክፍል የመጥረግ ተራዬ ስለነበር ማልጄ ሄድኩ። የግቢው በር አልተከፈተም። አሥር የሚሆኑ መምህራን በጋቢ ተጠቅልለው ውርጩ ላይ ቆመዋል፤ ለካ ዘበኛውን ለመቅደም ነው። ሽማግሌው እንደ ወትሯቸው ቁልፋቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ያን ሁሉ ሰው አዩ። ቀስ ብለው ቆባቸውን አወለቁ።

"ምነው፣ ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም፣ አባባ" አለ የሒሳብ መምህሩ። "ዛሬ ቀደምንዎት።"

"ታዲያ ቤቴን ታውቁት የለ? ብትጠሩኝ ምን ነበረበት?"

ረፋዱ ላይ ርዕሰ መምህሩ እኔንና ሽማግሌውን ቢሮ አስጠሩን። መጽሔቱ ተገንጥሎ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። "ሙሉውን አንብቢው" አሉኝ። ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ የራሴን ጽሑፍ በግድ ነው የለየሁት። "አይፈረድባቸውም" የምትለዋ ላይ ስደርስ ሽማግሌው፣ "አዎ፣ ብያለሁ" አሉ። ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸውን ሊደብቁ ወደ መስኮቱ ዞሩና ማረሚያ እንድናወጣ አዘዙ።

የአማርኛ መምህራችን፣ ማረሚያ በመጽሔት ደንብ ታች በትንሽ ፊደል ነው የሚወጣው ስላለን እንደዚያው አደረግን። ማንም አላነበበውም። መምህራኑ ማልደው መምጣታቸውን ቀጠሉ፤ ሽማግሌውም እነሱን ለመቅደም ገና ሳይነጋ መነሳት ያዙ። አንድ ማለዳ ዓይናቸው ቀልቶ በሩን ሲከፍቱ ደረስኩ።

"ልጄ፣ ሁለተኛ ምንም እንዳትጠይቂኝ" አሉኝ። "እንቅልፌን ነው የወሰድሽብኝ።"

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ለቀጣዩ ዕትም ሰው መጠየቅ ፈርተን ስለ ገብስ ዘር ጻፍን።