በአጥሩ ማዶ የቀሩት ጎረቤታችን

ይህ ነገር የደረሰው ደርግ በገባ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ክረምት፣ ባሕር ዳር ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። እስካሁን ግን ቤት ውስጥ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲስቅ ስሰማ፣ ከደስታው ይልቅ ፍርሃቱ ነው ቀድሞ የሚመጣብኝ። ይዤው መሞቱን ስለፈራሁ ልጽፈው ተነሣሁ።

አባቴ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። ከደሴ በሥራ መጥቶ ነው ባሕር ዳር የቀረው። በአካባቢው ዘመድ የሚባል አልነበረንም፤ ዘመዳችን ጎረቤታችን ጋሼ ይመር ነበሩ። የጣና ዳሯ የደልጊ ሰው ናቸው፤ እዚያው ፋብሪካ መጋዘን ይሠራሉ። ሚስታቸው ልጅ ሳይወልዱላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በኛና በሳቸው ግቢ መካከል ያለው አጥር አንድ ቦታ ላይ ወድቆ ስለነበር፣ በነጠላ ጫማቸው በዚያ ሾልከው ይመጣሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መውጫ የለም። ያኔ ቴሌቪዥን የት አለ! ሬዲዮውም ቢሆን መፈክሩ አያልቅም። አባቴ ጥርቅም ያደርገውና «በሉ፣ ማን ነኝ?» ብሎ ይነሣል። አንዱ ሁላችንም የምናውቀውን ሰው አስመስሎ ይራመዳል፣ ይናገራል፤ የቀረነው ማን እንደሆነ እንገምታለን። ቀድሞ ያወቀ አንድ እፍኝ የተቆላ ሽምብራ ይሸለምና ተራው የሱ ይሆናል። እናቴ ቁጥብ ሴት ናት፤ የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ስታስመስል ግን የሚያህላት አልነበረም። ጋሼ ይመር ጉማሬ ይሆናሉ። «ሰው ነው እኮ የተባለው!» ስንላቸው «እኔ ከሱ ጋር ነው ያደግሁት» ይሉናል።

የአባቴን ግን ተዉት። የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር ሲያደርገው ሆዳችንን ይዘን እንወድቅ ነበር። ሱሪውን እስከ እምብርቱ ሽቅብ ይጎትትና ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠርጎ «ጓዶች!» ይላል። መፈክር ሲያሰማ የሚነሣው ግራ እጅ መሆኑን ረስቶ ቀኝ እጁን ያነሣል፤ ሰረቅ አድርጎ ያየውና ደንግጦ በግራው ይቀይረዋል። ሊቀ መንበሩ እውነትም እንዲያ ነበር። እናቴ እየሳቀች «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ ግድግዳም ጆሮ አለው!» ትለዋለች።

አንድ ቀን በቀበሌው አዳራሽ ለሕፃናት ኪነት ቡድን ልጆች ይመረጣሉ ሲባል እኔም ሄድሁ። ሌሎቹ ዘፈኑ፣ እስክስታ ወረዱ። የኔ ድምፅ እንደ ቁራ ነው። ተራዬ ሲደርስ መራጩ ጎረምሳ «አንቺስ ምን ትችያለሽ?» አለኝ።

«ሰው ማስመሰል» አልሁ።

ወዮ ለኔ! ቀሚሴን በመቀነት አጥብቄ ወደ ላይ ጎተትሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ «ጓዶች!» አልሁ። ቀኝ እጄን አንሥቼ በግራዬ ስቀይረው አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መራጩ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ብስኩት ሰጠኝና «ጎበዝ! ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«አባባ!» አልሁ ደረቴን ነፍቼ።

ቤት ስገባ አልተናገርሁም፤ ስመረጥ ላስደንቃቸው ብዬ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባቴ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጡ። «በቤትህ በአመራሩ እያላገጥህ ሰው ታስቃለህ አሉ» አሉት። አባቴ ወደኛ ዞረ። ቀጥሎ በወደቀው አጥር በኩል የጋሼ ይመርን በር አየና ራሱን ነቀነቀ።

ሰባት ወር ታሰረ። ጊዜው የገባ ሁሉ የሚወጣበት አልነበረም። እናቴ ስንቅ ስታመላልስ «ዛሬስ የለም ይሉኝ ይሆን?» እያለች ነበር የምትሄደው። «ቤታችን ገብቶ አብሮን የሳቀ ነው የበላን። ከይመር ሌላ ማን አለ?» ትላለች። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ልናገር እልና እተወዋለሁ። «ነገ እነግራታለሁ» እላለሁ። ነገም እንዲሁ ያልፋል።

አባቴ ከስቶ፣ ሁለት ጥርሱ ረግፎ ተፈታ። በመጀመሪያው ሳምንት ያደረገው ነገር ባሕር ዛፍ ገዝቶ ያን ክፍተት ማጠር ነው። ጋሼ ይመር በማዶ ቆመው «እንኳን ለቤትህ አበቃህ ወንድሜ» አሉት። አባቴ ምስማሩን መምታት ቀጠለ። እሳቸውም ጥቂት ቆሙና ገቡ። ምስማር የማቀብለው እኔ ነበርሁ።

«ማን ነኝ?» ከዚያ ወዲያ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። እሑድ ከሰዓት ሁላችንም ዝም ብለን እንተኛለን። በዘመን መለወጫ ጋሼ ይመር ትኩስ ዓሣ ላኩልን፤ አባቴ በመጣበት እጅ መለሰው። ሁለቱ በአንድ ፋብሪካ በር እየገቡ፣ በአንድ መንገድ እየተመለሱ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ።

አባቴ በሆድ ሕመም ሞተ። ጋሼ ይመር ለቅሶ መጥተው ከድንኳኑ ጫፍ ተቀመጡ፤ እናቴ ፊቷን አዞረችባቸው። ሰልስቱ እንዳለፈ ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ጋሼ፣ አባባን ያሳሰርሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

ለካ ያን ቀን ስኳር ሊወስዱ የቀበሌው ሱቅ ተሰልፈው ኖሯል። ሱቁ ከአዳራሹ ጎን ነው። ሳቁን ሰምተው በመስኮት ቢመለከቱ እኔን አዩ፤ «አባባ!» ስልም ሰሙ። «ለአባትሽ ልነግረው አሰብሁና፣ የልጅ ነገር ነው ያልፋል ብዬ ተውሁት። የኔ ጥፋት እሱ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ምነው እኔ አይደለሁም ሳይሉት ቀሩ?»

«እኔ አይደለሁም ብዬ ብነግረው፣ ታዲያ ማን ነው ይለኛል።» አንሥተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ስሚ ልጄ፣ ጎረቤት ቢጠሉት አጥር ያጥሩበታል። በልጅ ላይ ምን ይታጠራል?»

ያን ቀን ያለቀስሁትን ለአባቴ አላለቀስሁም።

ብዙም ሳይቆይ ጡረታ ወጥተው ደልጊ ገቡ፤ እዚያው ዐረፉ ሲባል ሰማሁ። ለእናቴ የነገርኋት ከዚያ በኋላ ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነችና «እንኳንም አባትሽ ሳያውቅ ሞተ» አለችኝ።

እኔ ግን እንዲያ አልልም። አባቴ ቢያውቅ ይገርፈኝ ነበር፤ ጀርባዬ በሳምንቱ ይድናል። አጥሩንም በማግስቱ ራሱ ይነቅለው ነበር። ወዳጁን ከሃዲ ነው ብሎ ተቀበረ። የሚያስታርቃቸው ሽማግሌ አልነበረም፤ ማስታረቅ የምችል አንድ እኔ ነበርሁ፤ ምስማር አቀበልሁ።