የለቅሶ ቤት ብርጭቆዎች

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን የዋልኩት ቦይ ውስጥ ነው። ቱሉ ዲምቱ ከሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን በታች፣ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ተደፍኖ ውሃው መንገዱ ላይ ተኝቷል። ቦት ጫማ አጠለቅሁ፤ ጓንትና አካፋ ሰጡኝ። ማለዳ ስለነበር ሜዳው ላይ ጉም አርፏል፤ ራቅ ያሉት ሕንፃዎች ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። እኔ ደግሞ ጉም ሳይ ሥራ እረሳለሁ።

«እትዬ ዘነቡ፣ አካፋውን ተደግፈው ተኙ እንዴ?» አለችኝ ሰላም።

ሰላም የወረዳችን የአካባቢ ጽዳት በጎ ፈቃደኞች ኮሚሽን ሰብሳቢ ናት። በዕድሜ ልጄ የምትሆን መሐንዲስ ስትሆን ከሰኞ እስከ ዓርብ መሥሪያ ቤት ትውላለች። እኔ ከፈትል ፋብሪካ ጡረታ የወጣሁ ሴትዮ ነኝ። ፋብሪካ ሳለሁም ካቦው የሚቆጣኝ በዚሁ ነበር፤ «ማሽኑ እዚህ ይዞራል፣ አንቺ ሌላ አገር ነሽ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው።

ጭቃዬን ይዤ ቤት ስገባ ባለቤቴ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ዕድሜውን በሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ኮሚሽን ሲባል የሚያውቀው የደላላውን ነው።

«ስንት በመቶ ይደርስሻል?» አለኝ።

«ጭቃውን በሙሉ» አልኩት።

ከቦዩ ያወጣነው ባዶ የውሃ ፕላስቲክና አንዴ ተበልቶበት የሚጣል ሰሃን ነበር። ሰሃኖቹ ላይ ንፍሮ ተጣብቋል። ንፍሮውን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ባለፈው ሳምንት ከእኛ ጎን ያለው ብሎክ ለቅሶ ነበር። ቦዩን የደፈነው ሐዘናችን ነው።

ኮንዶሚኒየም ሰው ከየሰፈሩ ተነስቶ የገባበት ነው። እድር አቋቁመናል፤ ድንኳንና ወንበር አለን፤ ዕቃ ግን አልነበረንም። አቃቂ በሰቃ በኖርኩበት ዘመን እድራችን ብርጭቆውም፣ ሰሃኑም፣ ጆጉም ነበረው። ለቅሶ ሲኖር ይወጣል፤ ሲያልቅ ታጥቦ ይገባል። እዚህ ግን ሰው ሲሞት ከሸምሱ ሱቅ የታሸገ ውሃ ይመጣል። ለቀስተኛው ጎንጨት አድርጎ ወንበሩ ሥር ያስቀምጠዋል፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ይሄዳል። ፕላስቲኩ ከንፋሱና ከዝናቡ ጋር ይወርዳል።

ይህን በኮሚሽኑ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ሰላም «እንግዲያው የዕቃ ኃላፊ እርስዎ ይሁኑ» አለችኝ። አንድ ሲኒ እንኳ ሳይኖረን ተሾምኩ።

ዕቃውን በር እያንኳኳን ለመንን። ጓደኞቹ ተሰብረው ብቻውን የቀረ ብርጭቆ የሌለበት ቤት የለም። አንዷ አበባ ያለበት ሰጠችን፣ ሌላው ወፍራም የሻይ ብርጭቆ፣ ሌላው ከሠርጉ የተረፈ ሰማያዊ። የእድሩ ኃላፊዎች ደረጃ ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል ፈቀዱልን፤ መደርደሪያ አሠርተን ደረደርናቸው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በትንሿ መስኮት ስትገባ ግድግዳው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ይሆናል። አቧራ ልጠርግ እገባና እዚያው ተቀምጬ እቀራለሁ። ደምሴ እስከ በሩ ይመጣና «ኮሚሽነሯ፣ ዛሬ ምሳ የለም?» ይለኛል።

የአጠባውን ሥርዓትም አወጣን። ሦስት ሳፋ ይዘረጋል፤ አንዱ የሳሙና፣ ሁለቱ የማለቅለቂያ። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ በርሜሉ አስቀድሞ ይሞላል። የታጠበው ብርጭቆ ነጭ ጨርቅ ላይ ተደፍቶ ይደርቃል እንጂ አይወለወልም፤ ከተወለወለ ጨርቅ ጨርቅ ይሸታል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ግቢው ውስጥ ለተከልናቸው ችግኞች ይሆናል።

እሑድ መኪና ማቆሚያው ላይ እድሩ ተሰብስቦ ሐሳቡን ሰማ። ሁሉም እጁን አወጣ። ሸምሱ ሳይቀር «ገበያዬን እየወሰዳችሁ አጨብጭብ ትሉኛላችሁ» እያለ ከስልጤ አገር ይዞት በመጣው ሳቁ እጁን አወጣ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። ከዚያ በኋላ ለቅሶ በገባበት ቤት ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን በእኛ አይጀመር። ለሟቻቸው ውሃ ነፈጉ ይሉናል።» ከሐዘንተኛ ጋር ማን ይከራከራል? ሳፋዎቼን ይዤ እመለሳለሁ። ኮሚሽናችን የሚደፍር ሟች የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ሆነ። እናፍራለን፣ ግን እንስቃለን። ክረምቱ ሲመጣ እንደገና ቦዩ ውስጥ ገባን።

ከዚያ ደምሴ ሞተ። ልቡ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ጫማውን እያሰረ ሳለ ተቀምጦ ቀረ። እንዲህ ያለ ጨዋታ አዋቂ ሰው ምንም ሳይናገር መሄዱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ያንን ሳምንት የማስታውሰው እንደ ሕልም ነው። ፍራሽ ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጫለሁ። የድንኳኑ ሸራ ብርሃኑን አደብዝዞት ሁሉም ሰው ከሩቅ የመጣ ይመስላል። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሰኛል።

በዚህ መሀል የሸምሱ ጋሪ ደጅ ላይ ቆመ። የታሸገ ውሃ ነው የጫነው። ያዘዙት የደምሴ ታላቅ እህት እትዬ የሺ ናቸው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ደምሴን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። ማዘዝ ይገባቸዋል።

ሰላም አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «እትዬ ዘነቡ፣ ይተዉት። በሌላ ሰው እንጀምራለን። ማንም ምንም አይልዎትም።»

ልተወው ፈልጌ ነበር። ደክሞኛል። በደምሴ ለቅሶ ላይ ይህ ጎደለ እንዲባል አልፈልግም። እሱ ራሱ ቢጠየቅ ምን ይል እንደነበር አላውቅም፤ ይስቅ ይሆናል፣ ይቆጣም ይሆናል። ግን «በሌላ ሰው» ስትል ቀና ብዬ ድንኳኑን አየሁ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ብርጭቆ የሰጠችኝ አለች፣ ወንድሟን ልትጠይቅ ሆስፒታል የምትመላለስ አለች፣ ባሏ ሌት ተቀን የሚያስለው አለች። በዚህች ይጀመር ብዬ የምመርጣት ሴት አጣሁ።

«እትዬ፣ ላውርደው ወይስ ልመልሰው?» አለ ሸምሱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«መልሰው» አልኩት።

እትዬ የሺ ሰሙ። «ወንድሜን ከየሰው ቤት በተለቀመ ብርጭቆ ልትሸኚው ነው?»

«አዎ፣ እትዬ የሺ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«እኔን ይበል።»

ተነሱና ድንኳኑ ጥግ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ያን ቀን ዳግመኛ አላናገሩኝም። ከሁሉ የከበደኝ ያ ነው። የደምሴን ልጅነት የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።

ሸምሱ ውሃውን መልሶ ሲመጣ አንድ ካርቶን ሳሙና ይዞ ነበር። ሳፋዎቹ አጠገብ አስቀመጠውና ሄዶ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ።

በእኛ ብሎክ ለቅሶ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐዘንተኛዋ ከባዶ ወንበር ጋር ትቀራለች። ያን ቀን ግን ውሃ የጠጣችው ሁሉ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሳች፤ የምትጥልበት ቦታ የለማ። አንዷ ስታጥብ ሌላዋ ታለቀልቃለች። በአንድ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ የኖሩ ሁለት ሴቶች ስም ሲጠያየቁ ሰማሁ። ውሃው ሲቀዳ፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲነካካ፣ ወሬው ዝቅ ብሎ ሲቀጥል ያንን እየሰማሁ ዐይኔ ተከደነ። ደምሴ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው እንቅልፌ ነው። ስነቃ አልሄዱም ነበር።

በሠልስቱ ቀን የእትዬ የሺ ጥግ ባዶ ሆኖ አየሁት። ተቀይመው ወደ ቤታቸው የሄዱ መሰለኝ። ዞር ስል ሦስተኛው ሳፋ ላይ ናቸው። የሹራባቸውን እጅጌ ሰብስበው፣ አንዲት ወጣት ያቀበለቻቸውን ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ አንስተው ያያሉ።

«ይሄ አልጠራም፤ ድገሚው» ብለው መለሱላት።

ሌላ መረጡ። ከጆጉ ሞሉትና መጥተው ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ጠጪ» አሉኝ። ጠጣሁ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን የታሸገ ውሃ አልገባም ብል ውሸት ይሆናል፤ የሚያስገባ አለ። ብርጭቆዎቹ ግን በየለቅሶው ይወጣሉ፤ ቦዩም እንደ ድሮው አይደፈንም። ኮሚሽኑን አዲስ ለሚቀላቀሉ የምነግራቸው ይህን ነው። ሳፋውን ከድንኳኑ ጀርባ አትደብቁት፤ ለቀስተኛው የሚያየው ቦታ ላይ አስቀምጡት። ሰው የሚሠራው ነገር ካየ ይቆያል፤ ሰው ከቆየ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን አታመሽም።