ከአስፋልቱ ሥር ያለውን የተናገሩት ጋሼ ሳቢር

ጋሼ ሳቢር ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ፈቲያ ናት። ቢሮ ነበርኩ። ስልኩን ሳነሳ «አባባ አረፉ፤ ከዙሁር ሰላት በኋላ ይቀበራሉ» አለችኝና ዘጋችው። አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ ለመድረስ ታክሲ ያዝኩ፤ መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ሲኒማ ራስ ላይ ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። አልደረስኩም። ሳልሰናበታቸው መቅረቴ ስላልተዋጠልኝ፣ ለሚያውቋቸው ሁሉ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ቤተሰቡን ፈቃድ ጠየቅሁ። ፈቲያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደግ ደጉን ብቻ እንዳልጽፍ። አባቷ እንዲህ ያለውን አይወዱም ነበር።

አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው መሳለሚያ አጠገብ ባለችው የመኪና ዘይትና ፊልትሮ መሸጫቸው ነው። ሾፌር ዘይት ሊገዛ ሲመጣ መጀመሪያ ሞተሩን አስነስተው ያዳምጡ ነበር። ብዙ ጊዜም ሳይሸጡለት ይመልሱታል፤ ችግሩ የዘይት ማነስ ሳይሆን ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያሽገው ጉአርኒሲዮን መበላቱ እንደሆነ ነግረው ወደ ጋራዥ ይልኩታል። በሱቃቸው ደጃፍ እስከ ሰው ትከሻ የሚደርስ ጠንካራ የእንጨት መደብ አሠርተው ነበር። ተሸካሚዎች የማንንም እርዳታ ሳይለምኑ ሸክማቸውን ከትከሻቸው ወደ መደቡ አሳርፈው ትንፋሽ እንዲወስዱ ነው። መተላለፊያ አጠበበ ብለው የተቆጧቸው ጎረቤቶች ነበሩ። እርሳቸው ግን መደቡን አላነሱም።

እኔ የተዋወቅኋቸው ግን ከሱቁ በፊት በነበራቸው ሥራ ምክንያት ነው። በወጣትነታቸው ዛሬ በሌለ አንድ የነዳጅ ማደያ ውስጥ ነዳጅ ቀጂ ነበሩ። ኋላም ከመሬት በታች የተቀበሩትን ታንከሮች እንዲቆጣጠሩ ተደረጉ። መንገዱ ሲሰፋ ማደያው ፈረሰ፣ ፓምፖቹም ተነቀሉ። ታንከሮቹ ግን እዚያው ቀሩ፤ አፈር ተደፋባቸው፣ አስፋልት ተነጠፈባቸው። ዛሬ ሚኒባሶች ተሰልፈው ሰው የሚጭኑት በእነሱ ላይ ነው።

እኔ ሥራዬ የተበከለ አፈር መመርመር ነው። ወደዚያ ሰፈር የተላክሁት እትዬ ዘሃራ በሚባሉ ነጋዴ አቤቱታ ነበር። እትዬ ዘሃራ በመንገዱ ዳር ካለ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የመጋረጃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ክረምት በገባ ቁጥር ክፍሉ ቤንዚን ቤንዚን እያለ ራሳቸውን ያማቸው ነበር፤ በመጨረሻ ጨርቅ እየለኩ ሳሉ ወደቁ። ዝናብ ሲበዛ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከፍ ይላል፤ በላዩ የተንሳፈፈው ቤንዚንም አብሮት ይነሳል። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው ከየት እንደመጣ ነበር። በእጃችን ያለው ካርታ ከመንገዱ ሥር ምንም እንደሌለ ነው የሚያሳየው።

በሁለት ቦታ ሰርስረን ንጹሕ አፈር አወጣን። በሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቦታውን ካጠርንበት ሪባን ውጭ ቆመው ይመለከቱን የነበሩ ሽማግሌ ቀረብ አሉና «ልጄ፣ የምትፈልጊው ቤንዚን ከሆነ እዚያ አታገኚውም» አሉኝ።

ጋሼ ሳቢር ነበሩ። ሳይፈርስ ከቀረ አንድ አሮጌ የድንጋይ ሱቅ ማዕዘን ተነሥተው በእርምጃቸው እየለኩ ሚኒባሶቹ ወደሚቆሙበት ሄዱ። እዚያ ጎንበስ ብለው በጠመኔ ምልክት አደረጉ። በምልክቱ አጠገብ ስንሰረስር የወጣው አፈር ግራጫና እርጥብ ነበር፤ ሽታው አብረውኝ የነበሩትን ሠራተኞች ወደ ኋላ መለሳቸው። እኔ ደስ ብሎኝ ዞር ስል ጋሼ ሳቢር ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው አየኋቸው።

በማግስቱ ሱቃቸው አስቀመጡኝና ነገሩን አወጡት። «በየማለዳው ዘንግ ወደ ታንከሩ ሰድጄ የምለካው እኔ ነበርኩ። ፓምፑ ተቆልፎ አድሮ፣ ቤንዚኑ ዝቅ ብሎ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን አይደለም፤ ሁልጊዜ።»

ምን እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። ለኃላፊያቸው ተናግረው ነበር። ኃላፊው በሙቀት የተነነ እንደሆነ ነገራቸውና የትናንቱን ልክ ደግመው እንዲጽፉ አዘዛቸው።

«ጻፍኩ» አሉኝ። «ልጆቼ ትንንሽ ነበሩ፤ ሥራዬን ፈራሁ። ማደያው ሲፈርስ ደግሞ ተገላገልኩ አልኩ። ቤንዚን ግን መሄጃ አያጣም።»

ታንከሮቹን ለማውጣት መንገዱን በከፊል መዝጋት ግድ ሆነ። ነጋዴዎቹ ለስብሰባ ተጠሩ። ብዙዎቹ ተቃወሙ፤ ሽታው ከክረምት ጋር መጥቶ ከክረምት ጋር የሚሄድ ነገር እንደሆነ፣ መንገዱ ከተዘጋ ግን ገበያው እንደሚሞት ተናገሩ። አልፈረድኩባቸውም። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ጋሼ ሳቢር ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እርስዎም የኛው ሰው ነዎት፤ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?» አላቸው።

ጋሼ ሳቢር ከወንበራቸው ተነሡ። «ዝም ብዬ ነበር እኮ። ያን ዝም ያልኩትን ነው ዘሃራ ስትተነፍሰው የኖረችው።»

ከዚያ ለእኔ የነገሩኝን ሁሉ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገሩ፤ ዘንጉን፣ የጻፉትን የሐሰት ልክ፣ ከዚያ በኋላ ያለፉትን ዓመታት። እትዬ ዘሃራ በር አጠገብ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር፤ ጋሼ ሳቢር ሲጨርሱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ስብሰባው በስምምነት አልተበተነም። ቁፋሮው ግን ከዚያ ቀን በኋላ የሚከለክለው አላገኘም።

ቁፋሮው በዘለቀበት ጊዜ ሁሉ ከጋሼ ሳቢር ጋር ለዓመታት ሻይ የጠጡ ሰዎች ሰላምታ ነሷቸው። አንዳንዱ መንገዱን ስላዘጉበት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ስለ ቀድሞው ዝምታቸው ነው። እርሳቸው ሁለቱንም ተቀበሉ። እኔ ስቆጣላቸው፣ «የሚናደድ ሰው ሲጠፋ ነው መፍራት» ብለው ያበርዱኝ ነበር።

ሁለት ታንከሮች ወጡ። የአንደኛው ሆድ በዝገት ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። በክሬን ተንጠልጥሎ ሲያልፍ ጋሼ ሳቢር ባርኔጣቸውን አውልቀው አዩት። በዙሪያው የነበረው አፈር በሸራ እየተሸፈነ ተጭኖ ሄደ። ሦስተኛው ታንከር ግን ከሕንፃው መሠረትና ከዋናው የውሃ ቧንቧ ጋር የተጠጋ ስለነበር ማውጣት አልቻልንም። ባዶ አድርገን አጠብነው፣ በአሸዋና በሲሚንቶ ሞላነው። ከሥሩ ያለው አፈር እንደተበከለ እዚያው አለ። መስፋፋቱን ለመከታተል አስፋልቱን በስተን ክዳን ያላቸው ቧንቧዎች ቀበርን።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ናሙና ልቀዳ ስሄድ ጋሼ ሳቢር ሱቃቸውን ለፈቲያ ትተው ይመጡ ነበር። እኔ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ ክዳኑን ስከፍት፣ እርሳቸው ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው በከዘራቸው ሚኒባሶቹን ይመልሳሉ፤ ሲጋራ የሚያጨሰውን ሾፌር ሲጋራውን አስጥለው ያሳልፉታል። ሥራዬን ስጨርስ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ «እስከየት ሄዷል?» ከዚህኛው ቧንቧ እንዳለ፣ ከዚያኛው እንደሌለ እነግራቸዋለሁ። በመካከሉ ስላለው ግን መልስ የለኝም። ይህን ያውቁ ነበር፤ በመልሴም አይረኩም ነበር፤ ትክክል ነበሩ።

አንድ ቀን ሌሎች አሮጌ ማደያዎች የነበሩባቸውን ቦታዎች እያስታወሱ አጻፉኝ። ዛሬ ሱቅና መንገድ የሆኑ ናቸው። እንዲቆፈሩ ጥያቄ አቅርቤያለሁ። እስካሁን አንዱም አልተሰረሰረም። ይህን የምጽፈው ጋሼ ሳቢርን የምታውቁ ሁሉ እንድታውቁት ነው።

ከዚያ ታመሙ። የደም ሕመም ነው አሏቸው። ሐኪሙ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ጠይቋቸው ስለነበር፣ ሆስፒታል ስጎበኛቸው ሕመሙ ከማደያው ሥራ መጥቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልዋሸኋቸውም። የቤንዚን ትነት ለብዙ ዓመት የማገውን ሰው ደም ሊጎዳ እንደሚችል፣ የእርሳቸው ሕመም ከዚያ ስለመምጣቱ ግን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር እንደማይችል ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያ ከዚያ ነው ብለሽ አትጻፊው። እኔ እያወቅሁ የሠራሁት ነው። ዘሃራ ግን አታውቅም ነበር» አሉኝ። ቃላቸውን ጠብቄ ከዚያ ነው ብዬ አልጻፍኩም።

በለቅሶው ቤት ከእትዬ ዘሃራ ጎን ተቀመጥኩ። አሁን ሱቃቸው ላይኛው ፎቅ ነው፤ ራስ ምታቱ ቀንሶላቸዋል፤ ጨርሶ ግን አልተዋቸውም። ጋሼ ሳቢር ከስብሰባው በኋላ ሱቃቸው ድረስ ሄደው ይቅርታ ለምነዋቸው እንደነበር የነገሩኝ ያን ዕለት ነው። እትዬ ዘሃራም ይቅር ለማለት ልባቸው ገና እንዳልቆረጠ፣ ሲቆርጥ ራሳቸው መጥተው እንደሚነግሯቸው መልሰውላቸዋል። ጋሼ ሳቢር ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሱባቸውም።

«ልቤ ከቆረጠ ቆይቷል» አሉኝ እትዬ ዘሃራ። «ዛሬ ነገ ስል አመለጡኝ።»

ጋሼ ሳቢር፣ መልሱን እኔ እንዳደርስልዎት እትዬ ዘሃራ ለምነውኛል። ይቅር ብለውዎታል። ዘግይቶ ለደረሰው ቃል እርሳቸውንም እኔንም ይቅር ይበሉን። ስለ ቀረው አፈር አሁንም የምነግርዎት እርግጠኛ ነገር የለኝም፤ እንደማልዋሽዎት ያውቃሉ። ዝም ያሉባቸውን ዓመታት እንድንሸፍንልዎት አልፈለጉም፤ አልሸፈንናቸውም። ተነሥተው የተናገሩበትን ቀንም አንሸፍነውም። አላህ በእዝነቱ ይቀበልዎት፤ በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ።