ኣስካሉ ልጇን ስትሰድብ

ወላጅ ልጁን መስደብ አለበት ወይስ የለበትም የሚል ክርክር ሲነሣ እኔ ሻሂዬን መቅዳቴን እቀጥላለሁ። ተከራካሪዎቹ ግን አንጀቴን ያሳርሩታል። ስድብ ልጅን ያበላሻል የሚሉትም፣ ያቀናል የሚሉትም ኣስካሉን አያውቋትም። እኔ አውቃታለሁ። አሥመራ፣ ገዛ ባንዳ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ኖረናል።

እኔ ቀድሪያ የወሎ ሰው ነኝ። ባሌን ተከትዬ አሥመራ ገባሁ፤ እሱ ሲሞት ከአውቶቡሱ ፌርማታ አጠገብ ሻሂ መሸጥ ጀመርኩ። ኣስካሉ ደግሞ የልብስ ቁልፍ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥራ ነበር። ቀኑን ሙሉ የተሰነጠቀውን ቁልፍ ከደህናው ስትለይ ውላ፣ ማታ ዓይኗ ደም ለብሶ ትገባለች። ቁጡ ነበረች፤ እኔም አላንስም፣ ስለዚህ ተስማማን።

ከወልደኣብ በፊት ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም በሕፃንነታቸው ቀብራለች። ሦስቱም ያያቸው ሁሉ «እንዴት ያምራል» ያላቸው ነበሩ። ወልደኣብ ሲወለድ አዋላጇ በጆሮዋ መከረቻት። ይህን እንዳታሞግሺው፣ ስደቢው፤ የሰው ዓይንም ሞትም የተናቀ ነገር አይፈልጉም። ለምን እንደምትሰድቢው ለልጁ የተነገረ ቀን ግን ጥበቃው ይፈርሳል አለቻት። እንዲህ ያለው ነገር በእኛም አገር አለ፤ እኛ ግን «ማሻአላህ» ብለን እንገላገላለን። ኣስካሉ በአንዲት ቃል የምትተማመን ሴት አልነበረችም።

ስለዚህ ሰደበችው። ጠዋት ስትቀሰቅሰው «ከልቢ» ትለዋለች፣ ውሻ ማለቷ ነው። ማታ ሲገባ «ፖርኮ»፤ ይህ ከጣልያኖቹ የተረፈን አሳማ ነው። አዲስ ልብስ የለበሰ ቀን «ዘይትረብሕ»፣ የማትረባ። ከስድቡ በኋላ ታዲያ እጇ ነጠላዋ ሥር ይገባና ጭብጥ የሽምብራ ቆሎ ያወጣል። ምንም ሳትናገር ኪሱ ውስጥ ትጨምርለታለች። ትንሽ ልጅ ሳለ ስድቡን ሲሰማ ገና ኪሱን ከፍቶ እየሳቀ ይጠብቃት ነበር። ሲጎረምስ ቆሎውን መቀበል አልተወም፤ መሳቁን ግን ተወ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ዓመት ወልደኣብ መኪና ጥገና ቤት ይሠራ ነበር። ከተማው ታፍኗል። ወጣት የሆነ ሁሉ ይጠረጠራል፤ ልጅ ከጠፋ ሽምቅ ተዋጊዎቹን ተቀላቅሎ በረሃ ገባ ተብሎ ቤተሰቡ ይያዛል። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቶ ፌርማታው ጋ መጣ። እኔንም ኣደይ፣ እናቴ፣ ነው የሚለኝ። ሻሂ ቀዳሁለት፤ አልነካውም።

«ኣደይ ቀድሪያ፣ ጓደኞቼ ነገ ሊሄዱ ነው። እኔም ልሄድ ነው» አለኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም።

«እናትህስ?»

«ብሞትም አታለቅስልኝም።»

«ትወድሃለች፣ አንተ ልጅ።»

«እንግዲያው ትንገረኝ። አንዲት ደህና ቃል ካለችኝ እቀራለሁ።»

ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ግቢ ሮጥኩ። ሊሄድ መሆኑን፣ በአንዲት ደህና ቃል እንደሚቀር ለኣስካሉ ነገርኳት። አታለቅስልኝም ማለቱን ግን ዋጥኩት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ወርቄ በይው፣ ምን ይከብድሻል?» አልኳት።

«ኣይፋልን፣ በፍጹም፣ ቀድሪያ። ሞት ደጃችን ላይ ቆሞ፣ አሁን ወርቄ ልበለው? በእጅሽ ግደይው ነው የምትዪኝ።»

ተናድጄ ደረቅ ነሽ አልኳት። እሷ ሽምብራ መቁላት ጀመረች።

በማግሥቱ ማለዳ ወልደኣብና እናቱ ደጃፉ ላይ ቆመው አየኋቸው። እኔ ውሃ እየቀዳሁ ነበር። ዛሬ አንድ ደህና ነገር በይኝ አላት። ለመናት ብል ይሻላል። ኣስካሉ ደግሞ በልቧ አደጋው ከከፋ ስድቡም መክፋት አለበት ብላለች። በሕይወቷ ወጥቷት የማያውቀውን አወጣች፤ «ሬሳኻ የምጽኡለይ» አለችው። ሬሳህን ያምጡልኝ። ወዲያው እጇን ወደ ነጠላዋ ሰደደች። እሱ ግን ቆሎውን አልጠበቀም። እስከ መንገዱ ተከትላው ሮጠች፣ አልደረሰችበትም።

ለጠየቀን ሁሉ አሰብ ወደብ ሥራ አግኝቶ ሄደ አልን። ክረምቱ ሲወጣ ወታደሮች ሦስት ሬሳ አምጥተው ከሰፈራችን በላይ ባለው አደባባይ አስተኙ። የሰፈሩን ሰው ከየቤቱ አስወጥተው በፊታቸው አሳለፉን። ከወታደሮቹ ጋር የመጡ ሲቪል የለበሱ ሰላዮች ሬሳውን አያዩም፤ የሚያዩት የእኛን ፊት ነው። ያለቀሰ ቤተሰብ ነው፣ ቤተሰብ የሆነ ይወሰዳል።

መካከል ላይ የተኛው ወልደኣብ ነበር። ኣስካሉ ቆመች። አሁን ትጮኻለች፣ አለቀላት ብዬ ወገቧን ያዝኩ።

አልጮኸችም። «ከልቢ» አለችው። «ፖርኮ። ዘይትረብሕ።» ድምፅዋ ጠዋት ጠዋት ስትቀሰቅሰው የነበረው ድምፅ ነው። አንድ ወታደር ሳቀና «ይበለው፣ አንቺ ሴትዮ» አላት። የግቢያችን ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ለቅሶ መሆኑን የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን።

ከዚያ እጇ ወደ ነጠላዋ ሲሄድ አየሁ። ከስድቡ በኋላ የሚመጣውን እጇ ያውቀዋል፤ እሷ አላዘዘችውም። ጭብጧ ሞልቶ ወጣ። ወደ ልጇ ኪስ ልታጎነብስ ስትል እጇን ጨምድጄ ያዝኩት። ሽምብራው በጣቶቻችን መሃል እየፈሰሰ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሲቪል ከለበሱት አንዱ ቆሎውን አየ፣ እኛን አየ፣ ትንሽ አሰበና «እለፉ» አለ።

ቤቷ አስገብቻት በሩን ዘጋሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

ምን እንደምትጠይቀኝ ገብቶኛል። ፌርማታው ላይ «ብሞትም አታለቅስልኝም» ያለኝ ቃል ጉሮሮዬ ላይ መጣ፤ መልሼ ዋጥኩት።

«እወ» አልኳት በቋንቋዋ። «ሁሉንም ያውቅ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ነው፣ ድምፅዋ ውጭ እንዳይሰማ ነጠላዋን ነክሳ ያለቀሰችለት።